ባቡርን በአየር ያቆመ ሰው፦ የጆርጅ ዌስቲንግሀውስ ሕይወት እና የጭነት ፉርጎዎች ደኅንነት

ከባድ መኪና የዓባይን በረሃ ቁልቁለት ሲወርድ፣ ሾፌሩ ፍሬን ይዞ በለቀቀ ቁጥር የሚሰማው የአየር ትንፋሽ ለመንገደኛ ሁሉ የታወቀ ድምፅ ነው። ያን ሁሉ ጭነት የሚገታው የታመቀ አየር መሆኑን የጋራዥ ሰዎች ጠንቅቀው ያውቃሉ። ይህ ብልሃት ግን በመጀመሪያ የታሰበው ለመኪና አልነበረም፤ የቤንዚን መኪና ከመፈጠሩ በፊት ለባቡር የተሠራ ነው። ያሰበውም የእህል መውቂያ ማሽን ሠሪ ልጅ የነበረው አሜሪካዊ ጆርጅ ዌስቲንግሀውስ ነው። የእርሱ ሕይወት አንድ ጥሩ መሣሪያ የስንቱን ነፍስ ሊያድን እንደሚችል ያሳያል፤ ጠጋኝና ተቆጣጣሪ ያጣ መሣሪያ ደግሞ ብቻውን እንደማያድን ያስተምራል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዌስቲንግሀውስ ኦክቶበር 6 ቀን 1846 በኒውዮርክ ግዛት፣ ሴንትራል ብሪጅ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ የእርሻ መሣሪያዎችና የመውቂያ ማሽኖች የሚሠሩበት ወርክሾፕ ነበረው። በ1856 ቤተሰቡ ወደ ስኬኔክታዲ ከተማ ሲዛወር ወርክሾፑም አብሮ ተስፋፋ። ልጁ ከትምህርት ቤት ይልቅ በአባቱ ወርክሾፕ ውስጥ በብረትና በጥርስ መካከል መዋልን የሚመርጥ ነበር። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ገና በወጣትነቱ ዘምቶ በምድር ጦርና በባሕር ኃይል አገለገለ። ከጦርነቱ በኋላ ኮሌጅ ቢገባም ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1865፣ በ19 ዓመቱ፣ ለአንድ የእንፋሎት ሞተር የመጀመሪያውን የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ።

ወደ ባቡር ሥራ የሳበው የዓይኑ ምስክርነት ነበር። ከሐዲድ የወጡ ፉርጎዎች መንገድ ዘግተው ጉዞ ሲያስተጓጉሉ በማየቱ፣ ፉርጎን በቀላሉ ወደ ሐዲዱ የሚመልስ መሣሪያ ሠራ። ቀጥሎም በስኬኔክታዲና በትሮይ ከተሞች መካከል ሁለት የጭነት ባቡሮች ፊት ለፊት ተጋጭተው የደረሰውን ጥፋት ተመለከተ። ዕለቱ ብሩህ፣ ሐዲዱም ቀጥ ያለ ነበር፤ ሁለቱ ነጂዎች በሩቁ ተያይተዋል። ሆኖም ባቡሮቹን በጊዜ ማቆም አልቻሉም። ወጣቱ መካኒክ ከዚህ የተረዳው፣ ጉድለቱ የነጂዎቹ ዓይን ሳይሆን የባቡሩ ፍሬን መሆኑን ነው።

በዚያ ዘመን የጭነት ባቡር የሚቆምበት መንገድ ለዛሬ ሰው ለማመን የሚያዳግት ነው። እያንዳንዱ ፉርጎ በአናቱ ላይ በእጅ የሚዞር የፍሬን መዘውር ነበረው። ነጂው በፊሽካ ምልክት ሲሰጥ፣ ፍሬን ያዥ የሚባሉት ሠራተኞች በሚንቀሳቀሰው ባቡር ጣሪያ ላይ እየሮጡ፣ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየዘለሉ መዘውሩን በየተራ ያጠብቃሉ። ዝናብ ቢዘንብ፣ በረዶ ቢጋገር፣ ሌሊትም ቢሆን ሥራው አይቀርም ነበር። ፉርጎዎችን የሚያያይዙት ሠራተኞች ደግሞ በሁለት ፉርጎዎች መካከል ቆመው የብረት ቀለበቱን በእጃቸው እየመሩ መቀርቀሪያውን ይከቱ ነበር። ስለዚህ ጣታቸውን ያጡት ብዙ ናቸው፤ ብዙዎችም ተጨፍልቀው ሞተዋል። በ1880ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ወደ 2,000 የሚጠጉ የባቡር ሠራተኞች ሲሞቱ፣ የቆሰሉት 20,000 ገደማ ነበሩ።

ዌስቲንግሀውስ መጀመሪያ በእንፋሎትና በሰንሰለት የሚሠራ ፍሬን ሞከረ፤ አልተሳካለትም። እንፋሎት በረጅም ቱቦ ሲጓዝ ቀዝቅዞ ውኃ ይሆናል። መፍትሔውን ያገኘው በአንድ መጽሔት ላይ ሲሆን፣ ጽሑፉ በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮችን ለመቦርቦር ሠራተኞች በታመቀ አየር የሚሠራ መሰርሰሪያ መጠቀማቸውን የሚተርክ ነበር። አየር ያን ያህል ርቀት ተጉዞ ዐለት ከበሳ፣ ከባቡሩ ራስ እስከ ጭራው ደርሶ ፍሬን ለመጫን አያንስም ብሎ አሰበ። በ1869፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ ለአየር ፍሬኑ የባለቤትነት መብት አግኝቶ በፒትስበርግ ከተማ ኩባንያ አቋቋመ። በመጀመሪያው የሙከራ ጉዞ ባቡሩ ከከተማው ሳይወጣ የፈረስ ጋሪ ሐዲዱ ላይ ቆሞ እንደተገኘና ነጂው አዲሱን ፍሬን ይዞ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው እንዳቆመ ይተረካል። የሰርቶ ማሳያው ጉዞ የሰው ነፍስ በማዳን ተጀመረ ማለት ነው።

ይህ የመጀመሪያው ፍሬን ግን አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት። አየሩ የሚላከው ከሎኮሞቲቩ በቀጥታ ስለነበር፣ ቱቦው ቢበጠስ ወይም ፉርጎዎች ቢለያዩ ባቡሩ ፍሬን አልባ ይሆናል። ማለትም መሣሪያው እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይከዳል። ዌስቲንግሀውስ በ1872 ይህን አሠራር ገለበጠው። ለእያንዳንዱ ፉርጎ የራሱን የአየር በርሜል ሰጠ፤ በርሜሉንም ሦስት ተግባር ካለው ቫልቭ ጋር አገናኘው። ቫልቩ በርሜሉን ይሞላል፣ ፍሬኑን ይጭናል፣ መልሶም ይለቃል። በዚህ አሠራር በዋናው ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ፍሬኑን ለቅቆ ይይዛል፤ ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ እያንዳንዱ ፉርጎ ከራሱ በርሜል አየር ወስዶ ይቆማል። ቱቦው ቢበጠስ ባቡሩ ከመፈትለክ ይልቅ በራሱ ይገታል። ብልሽትን ወደ አደጋ ሳይሆን ወደ መቆም የሚመራ ንድፍ ነበር፤ የዌስቲንግሀውስ ታላቅነትም እዚህ ላይ ነው።

የመንገደኛ ባቡሮች አዲሱን ፍሬን ቶሎ ተቀበሉ፤ የጭነት ባቡሮች ግን ዘገዩ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የጭነት ፉርጎ ዛሬ በአንዱ ኩባንያ ሐዲድ፣ ነገ በሌላው ሐዲድ የሚዞር በመሆኑ፣ አንዱ ከፍሎ ያስገጠመው ፍሬን ሌላው ካላስገጠመ ዋጋ የለውም። ጥገናውንም ማን ይሸከም የሚለው አከራካሪ ነበር። በ1886 እና በ1887 በአዮዋ ግዛት በርሊንግተን ከተማ አጠገብ በ50 ፉርጎ ባቡሮች ላይ ታላቅ ፈተና ተካሄደ። በድንገተኛ ማቆም ጊዜ የፊተኞቹ ፉርጎዎች ሲቆሙ የኋለኞቹ ገና ፍሬኑ ስላልደረሳቸው እየገፉ መጥተው በኃይል ይላተሙ ነበር፤ በኋለኛው ፉርጎ የነበሩ ሰዎችም ከመቀመጫቸው ተወረወሩ። ብዙ ባለሙያዎች አየር ብቻውን ለረጅም የጭነት ባቡር አይበቃም ወደሚል ሐሳብ አዘነበሉ። ዌስቲንግሀውስ ግን በ1887 ቫልቩን እንደገና ሠራው፤ ግፊቱ በእያንዳንዱ ፉርጎ ላይ እየተነፈሰ ምልክቱ በጥቂት ሰከንዶች እስከ ጭራው እንዲደርስ አደረገ። ከዚያም 50 ፉርጎ ያለው ባቡር አሰልፎ በልዩ ልዩ ከተሞች እየዞረ ሥራውን በአደባባይ አሳየ።

መሣሪያው ተገኘ፤ ግዴታው ግን አልተገኘም ነበር። ያንን ክፍተት ለመሙላት ከታገሉት መካከል ስሙ ከፍ ብሎ የሚነሣው ሎሬንዞ ኮፊን የተባለ የአዮዋ ገበሬ ነው። ኮፊን አንድ ሠራተኛ ፉርጎ ሲያያይዝ ጣቶቹን ሲያጣ ካየ በኋላ፣ ይህን ጉዳይ የዕድሜ ልክ ሥራው አደረገው። በግዛቱ የባቡር ኮሚሽነር ሆኖ ሠራ፤ የበርሊንግተንን ፈተናዎች ተከታተለ፤ ከአዳራሽ አዳራሽ እየዞረ ሕዝቡን ቀሰቀሰ፤ የሕግ አውጪዎችንም በር ደጋግሞ አንኳኳ። በመጨረሻ ማርች 2 ቀን 1893 ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን የባቡር ደኅንነት መሣሪያዎች ሕግን ፈረሙ። ሕጉ ነጂው የእጅ ፍሬን ሳያስፈልገው ባቡሩን ለመቆጣጠር የሚበቃ የአየር ፍሬን በፉርጎዎች ላይ እንዲኖር፣ ሠራተኛው በፉርጎዎች መካከል ሳይገባ የሚያያዙበት መጋጠሚያ እንዲገጠም፣ የመውጫና የመያዣ ብረቶችም እንዲኖሩ አዘዘ። በተጨማሪም ሕጉን በጣሰ ፉርጎ የተጎዳ ሠራተኛ፣ አደጋውን እያወቀ ሥራውን በመቀጠሉ ብቻ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ደነገገ።

ሕግ መጻፍ ግን ፉርጎን አያድስም። ኩባንያዎቹ ጊዜ ይሰጠን እያሉ ቀነ ገደቡን ወደ ኦገስት 1900 አስገፉት። ፍሬን የተገጠመላቸው ፉርጎዎችም ቢሆኑ ቱቦአቸው ተቀድዶ፣ ቫልቫቸው በአቧራ ታፍኖ ለስም ብቻ የሚሄዱበት ጊዜ ነበር። መንግሥት በየጣቢያው እየዞሩ ፉርጎ የሚፈትሹ ተቆጣጣሪዎችን ያሰማራውም ለዚህ ነው። በ1903 በወጣው ማሻሻያ በአንድ ባቡር ውስጥ ቢያንስ 50 በመቶው ፉርጎ በነጂው ቁጥጥር ሥር ያለ፣ የሚሠራ የአየር ፍሬን እንዲኖረው ተደነገገ፤ ከዚያም መጠኑ በየጊዜው ከፍ እያለ ሄደ። ፉርጎዎችን በማያያዝ ሥራ ላይ የሚሞተውና የሚጎዳው ሰው ቁጥር በግልጽ የቀነሰው መሣሪያው፣ ጥገናውና ቁጥጥሩ በአንድ ላይ ከተገናኙ በኋላ ነው።

ዌስቲንግሀውስ በዚህ ብቻ አልቆመም። የባቡር ምልክት ሰጪ መሣሪያዎችን አሻሻለ፤ በተለዋዋጭ ጅረት የሚሠራውን የኤሌክትሪክ ኃይል በማስፋፋት ስሙ ከኒኮላ ቴስላ ጋር ይነሣል። በ1893 የቺካጎን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በመብራት ያንቆጠቆጠው የእርሱ ኩባንያ ነበር። በስሙ ከ300 በላይ የፈጠራ መብቶች ተመዝግበዋል። በ1907 የገንዘብ ቀውስ ሲደርስ ግን በኤሌክትሪክ ኩባንያው ላይ የነበረውን ሥልጣን አጣ። ማርች 12 ቀን 1914 በኒውዮርክ ከተማ ዐረፈ፤ በወጣትነቱ ዘማች ስለነበረም በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀበረ። በ1930 በፒትስበርግ የቆመለት ሐውልት ከሠራተኞቹ በተሰበሰበ መዋጮ የተሠራ መሆኑ፣ በእጁ ሥር የነበሩ ሰዎች ምን ያህል እንዳከበሩት ይመሰክራል።

ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ የእርሱ ንድፍ ዋና ሐሳብ በአብዛኞቹ የዓለማችን የጭነት ባቡሮች ላይ ይሠራል። የንድፉ ወሰን የታየበት አሳዛኝ ምሳሌም አለ። ጁላይ 6 ቀን 2013 በካናዳ ኩቤክ ግዛት፣ 72 የነዳጅ ፉርጎዎችን የሚስብ ባቡር በኮረብታ ላይ ቆሞ ሳለ በሎኮሞቲቩ ላይ እሳት ተነሣ፤ እሳቱን ለማጥፋት ሲባል ሞተሩ ጠፋ። አየር የሚሞላ ሞተር ባለመኖሩ የፍሬኑ አየር ቀስ በቀስ አለቀ። የታሰሩት የእጅ ፍሬኖች ጥቂት ስለነበሩ ባቡሩ ቁልቁል ተንደርድሮ ላክ ሜጋንቲክ የተባለች ከተማ መሀል ተገለበጠ፤ 47 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ሞተሩ ቀደም ሲል ተበላሽቶ በአግባቡ እንዳልተጠገነ፣ የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ክትትልም የላላ እንደነበር አሳየ። ድንቅ ንድፍ ቢኖርም የአንድ ሞተር ጥገና ጉድለትና የላላ ቁጥጥር አንድ ከተማ አቃጠሉ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ ድልድይ ላይ የመንገደኛ ባቡር በጠመዝማዛው መስመር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ወድቆ ከ400 በላይ ሰዎች ማለቃቸውን ብዙዎች ያስታውሳሉ። ዛሬ ደግሞ ከጅቡቲ ወደብ ወደ መሀል አገር ገበሬው የሚጠብቀው የአፈር ማዳበሪያ፣ ከተሜውም የሚጠብቀው ሸቀጥ በባቡር ይጓጓዛል። ያ መስመር ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይደርሳል። ሲመለስም ያን ሁሉ ከፍታ መውረድ አለበት። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት የባቡሩ ዕጣ የተመካው ነጂው ጀግና በመሆኑ ሳይሆን፣ ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት የእያንዳንዱ ፉርጎ ቱቦ፣ ቫልቭና መንኮራኩር በመፈተሹ ላይ ነው።

የመውቂያ ማሽን ባለቤት የሆነ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በመኸር መካከል የሚሰበር ማሽን ብዙውን ጊዜ በክረምቱ ያልታየ፣ ያልተቀባ፣ ያልጠበቀ ማሽን ነው። የዌስቲንግሀውስ ሥራም ከእንዲህ ያለ ወርክሾፕ የወጣ ነው። እርሱ ባቡሩ ሲበላሽ እንዲቆም አደረገ፤ ባቡሩ እንዳይበላሽ ማድረግ ግን በየዘመኑ ላሉ ጠጋኞችና ተቆጣጣሪዎች የተተወ ሥራ ነው።