በግንባር ላይ የተጻፈ እምነት፦ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብና የምልክቱ ዐዋጅ

ዛሬ መካነ ሰላም ከተማ የምትገኝበት ቦረና እና አጎራባቹ ሳይንት፣ በመካከለኛው ዘመን አምሐራ ተብሎ ይጠራ የነበረው የነገሥታት ምድር አካል ነበሩ። ነገሥታቱ ገዳማትን የተከሉትና መቃብራቸውን ያዘጋጁት በዚሁ ምድር ነው። ከገዳማቱ አንዱን፣ ደብረ ነጐድጓድን፣ የመሠረቱት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ናቸው። ንጉሡ በደራሲነታቸውና በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት አጽኚነታቸው ይታወቃሉ። ሕይወታቸውን ለመረዳት ግን ክርስቲያን ሁሉ የእምነቱን ቃል በግንባሩ እንዲይዝ ያወጡት ዐዋጅ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ዘርአ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1399 በፈጠጋር ጥልቅ በተባለ ቦታ ከዐፄ ዳዊትና ከእግዚእ ክብራ ተወለዱ። እንደ ሌሎች የንጉሥ ልጆች ሁሉ በአምባ ግሸን ተግዘው ኖሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነገሥታት በተከታታይ ሲሞቱ፣ በ1434 ከአምባው ወርደው ነገሡ፤ በ1436 አክሱም ላይ የንግሥ ሥርዐታቸውን ፈጸሙ። የተረከቡት መንግሥት ሰፊ ቢሆንም አንድ ልብ አልነበረውም። ቤተ ክርስቲያን በሰንበት አከባበር ተከፋፍላ ነበር፤ ከተጠመቁት ብዙዎቹ ደግሞ በችግር ጊዜ ወደ ጠንቋይና ወደ ቀድሞው አምልኮ ይመለሱ ነበር።

ዐዋጁ የተነሣው ከዚህ ሥጋት ነው። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ ክርስቲያኖች በግንባራቸው የሥላሴን ስም፣ በቀኝ እጃቸው ሰይጣንን የካዱበትን ቃል፣ በግራ እጃቸው ደግሞ ደስክ የተባለውን ጣዖት ክደው የማርያም አገልጋይ መሆናቸውን የሚመሰክር ጽሑፍ እንዲይዙ ታዘዙ። እምቢ ያለ ከባድ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። የመስቀል ምልክትም በልብስ፣ በጦር መሣሪያና በማረሻ ላይ ሳይቀር እንዲደረግ ተደነገገ።

የዐዋጁ ሐሳብ ከመጻሕፍት የራቀ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ሕጉን በእጅና በዐይኖች መካከል ስለ ማሰር ይናገራል፤ ትንቢተ ሕዝቅኤልና የዮሐንስ ራእይም በግንባር ላይ ስለሚደረግ ማኅተም ያወሳሉ። በሌሎች ሃይማኖቶችም ግንባር የእምነት ገጽ ሆኖ ይገኛል። በሂንዱ ትውፊት ቲላካ የሚባለው ምልክት በአመድ፣ በሰንደል ወይም በቀይ ዱቄት ይቀባል፤ የሺቫ ተከታዮች ሦስት አግድም መስመሮችን፣ የቪሽኑ ተከታዮች ቀጥ ያሉ ቁም መስመሮችን ያደርጋሉ። ይሁንና ቲላካ ታጥቦ የሚለቅና በአምልኮ ጊዜ የሚታደስ ነው፤ ምልክቱን የሚያኖረውም ልማድና የግል መሰጠት ነው። የዘርአ ያዕቆብ ምልክት ግን ከቤተ መንግሥት የወጣ ትእዛዝ ነበር፤ ለያዡ የጸሎት ቃል ሲሆን ለሹሙ የታማኝነት መለኪያ ሆነ።

መለኪያው ምን ያህል እንደሚመዝን በንጉሡ ቤት ውስጥ ታየ። ዘርአ ያዕቆብ በሹማምንት ላይ እምነት ሲያጡ ሴቶች ልጆቻቸውን በየአገሩ ሾመው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወንዶችም ሴቶችም ልጆቻቸው ጣዖት አምልካችኋል ተብለው ተከሰሱ፤ ከእነርሱም በቅጣት የሞቱ ነበሩ። ከሚስቶቻቸው አንዷ፣ የልጃቸው የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ፣ ልጇን ለማንገሥ አሢራለች ተብላ ተገርፋ ሞተች። ግንባር የሚናገረውን ቃል ሁሉም ሊያነበው ይችላል፤ ልብ የያዘውን ግን ንጉሡም ሊያነቡት አልቻሉም። ስለዚህ ምልክቱ ጥርጣሬን ማብረድ ሲሳነው ቦታውን የከሳሾች ቃል ያዘ።

የዘመናቸው ሥራ ግን በዚህ ብቻ አይመዘንም። በ1445 የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ድል አደረጉ፤ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ በመወሰን የቆየውን ክፍፍል አስታረቁ። መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ በስማቸው ይታወቃሉ። በሰማይ የታየን ብርሃን ምክንያት አድርገው ደብረ ብርሃንን መሥርተው በዚያ ተቀመጡ። በአንጻሩ ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ በትእዛዛቸው ብርቱ ስደት ደረሰባቸው። እርቁም ስደቱም ከአንድ ሐሳብ የመነጩ ናቸው፦ እምነት አንድ መሆን ብቻ ሳይሆን አንድ ሆኖ መታየት አለበት ከሚል።

በ1468 ሲያርፉ በደብረ ነጐድጓድ ተቀበሩ፤ አስከሬናቸው በኋላ ወደ ጣና ሐይቅ፣ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ተወሰደ። በእናቱ ሞት የተጎዳው በእደ ማርያም በነገሠ ጊዜ የአባቱን ዘመን ቅጣት አላላ፤ በዚያው በአምሐራ ምድርም አትሮንሰ ማርያምን አሠራ። በሰሜኑ የኢትዮጵያ ደጋ በግንባር ላይ የሚነቀሰው መስቀል እስከ ቅርብ ትውልድ ድረስ በብዙ እናቶች ላይ ሲታይ ኖሯል። ይህ ንቅሳት በቅጣት ፍርሃት ሳይሆን ከእናት ወደ ልጅ በልማድ የተላለፈ ነው። የሁለቱ ታሪክ ጎን ለጎን ሲታይ፣ የእምነት ምልክትን ትርጕም የሚወስነው የተጻፈው ቃል ወይም የተሣለው ቅርጽ ብቻ አለመሆኑ ይገለጣል፤ ያኖረው እጅ የማን እንደ ሆነ፣ ተሸካሚውም ምልክቱን በፈቃዱ መያዝ አለመያዙ አብሮ ሊጠየቅ ይገባል።