ካፖርቱን አስይዞ «ካፒታል»ን የጻፈው ማርክስ

አምስት ኪሎ የሚመላለስ ሰው ያን ባለ ጢም የድንጋይ ጭንቅላት ያውቀዋል። ሰውየው ራሱ ግን ኢትዮጵያን አላያትም፤ ከዕድሜው ከግማሽ በላይ ያሳለፈው ለንደን ነው።

ካርል ማርክስ በ1818 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በጀርመኗ ትሪየር ከተማ ከጠበቃ አባት ተወለደ። በፍልስፍና ዶክተር ቢሆንም እንጀራው ጋዜጠኝነት ሆነ። ጋዜጦቹ ተዘጉበት፣ ካገር አገር ተባረረ፣ በ1849 ለንደን ገባ።

እዚያ ከሚስቱ ከጄኒ ጋር ሶሆ በሚባል ሰፈር ሲኖሩ ሦስት ልጆች ቀበሩ። በ1852 ሕፃኗ ፍራንሲስካ ስትሞት የሬሳ ሣጥን መግዣ ጠፍቶ ጄኒ ከአንድ ፈረንሳዊ ስደተኛ ለምና ነው ያገኘችው። በዚያው ዓመት ማርክስ ካፖርቱን መያዣ ሰጥቶ ስለተበደረበት ከቤት መውጣት ያቃተው ጊዜም ነበር።

ካፖርቱ ሲመለስ የብሪቲሽ ሙዚየም ማንበቢያ አዳራሽ ይሄዳል። አዳም ስሚዝንና ሪካርዶን እያነበበ ደብተር በደብተር ይሞላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ንባቡ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ፋብሪካ የሚቆጣጠሩ ኢንስፔክተሮች ነበሩት፤ ሠራተኛው ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ ሕፃናት ማሽን ላይ ምን እንደሚደርስባቸው መዝግበው ሪፖርት ያቀርባሉ። አሰልቺ ወረቀት ነው። ማርክስ አገላብጦ አነበበው፤ ስለ ሥራ ሰዓት ለጻፈው ረጅም ምዕራፍም ዋና ማስረጃ አደረገው። አንዱን ኢንስፔክተር፣ ሌናርድ ሆርነርን፣ በስሙ ጠርቶ አመስግኖታል። ክርክሩ ይሄ ነው፦ ሠራተኛው የደመወዙን ያህል ዋጋ በቀኑ ከፊል ሰዓት ያመርታል፣ የቀረውን ሰዓት ለባለቤቱ በነፃ ይሠራል፤ ትርፍ የሚባለው ከዚያ ይመጣል።

ታዲያ ቤተሰቡን ማን አበላ? በአብዛኛው ጓደኛው ኤንግልስ፣ ያውም ቤተሰቡ ድርሻ ካለበት የማንቸስተር ጥጥ ፋብሪካ በሚያገኘው ገንዘብ። አዎ፣ የፋብሪካን ትርፍ የሚከሰው መጽሐፍ በፋብሪካ ትርፍ ተጻፈ።

የመጀመሪያው ቅጽ በ1867 ሐምቡርግ ላይ በ1,000 ቅጂ ታተመ። የሩሲያ ሳንሱር በ1872 ትርጉሙን ያሳለፈው፣ ከባድ ስለሆነ የሚገባው ሰው ጥቂት ነው ብሎ ነው። ምን ያህል እንደተሳሳተ ታውቃላችሁ።

ጄኒ በ1881፣ ትልቋ ልጁ በጥር 1883 ሞቱ። እሱም በዚያው ዓመት መጋቢት ተከተላቸው፤ ቀብሩ ላይ የተገኘው ሰው አሥራ አንድ ገደማ ነበር። የቀሩትን ሁለት ቅጾች ኤንግልስ ያን የማይነበብ የእጅ ጽሑፍ እየፈታ አወጣቸው። የመጨረሻው በ1894 ታተመ፤ ኤንግልስ በዓመቱ ሞተ።