ለዩኒቨርሲቲው ሪከርድ ሰብሮ ዶርም የተከለከለው ጄሲ ኦውንስ

ሰፈራችን ሀና ማርያም ውስጥ ሮጦ አሜሪካ ኮሌጅ የመግባት ህልም ያለው ልጅ አይጠፋም። ዛሬ እዚያ ጎበዝ ሯጭ የትምህርትና የመኖሪያ ወጪው ሊሸፈንለት ይችላል። ጄሲ ኦውንስ ግን ይህን ዕድል አላገኘም።

እ.ኤ.አ. በ1913 አላባማ ውስጥ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በ1933 ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ የሊፍት ሠራተኛ ሆኖ ነው የተማረው። ጥቁር ስለሆነ ዶርም ተከልክሎ ከግቢ ውጪ ይኖር ነበር። ቡድኑ ለውድድር ሲጓዝም ከነጮቹ ተለይቶ ይበላል፣ ተለይቶ ያድራል።

ሜይ 25 ቀን 1935 ሚሺጋን ላይ በተካሄደው የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር፣ ወገቡን እያመመው፣ በ45 ደቂቃ ውስጥ 3 የዓለም ሪከርድ ሰበረ፤ 1 ተጋራ። በርዝመት ዝላይ ያስመዘገበው 8.13 ሜትር 25 ዓመት ሳይሰበር ቆየ። በዓመቱ በርሊን ኦሎምፒክ ላይ 4 ወርቅ ወሰደ።

ከዚያስ? ዲግሪውን ሳይጨርስ ቀረ፤ ለእንጀራው ሲል ከፈረስ ጋር ሳይቀር እሽቅድድም ገባ። ዩኒቨርሲቲው የክብር ዶክትሬት የሰጠው በ1972 ነው፤ በ1980 አረፈ።

ለምትሮጡ ልጆች እኛ የምንለው ይህን ነው፦ ኮሌጅ ሰዓታችሁን ሲጠይቃችሁ፣ እናንተም ሩጫው ሲያበቃ እጃችሁ ላይ ምን እንደሚቀር ጠይቁ።