የፕሌይፌር ጨው

የደም ግፊት መድኃኒት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ጠዋት ጠዋት የሚዋጠው ኪኒን ነው። ሌላም አለ። ድንገት ጣሪያ የነካን ግፊት በደቂቃዎች ለማውረድ በደም ሥር በጠብታ የሚሰጥ፣ ሶዲየም ናይትሮፕሩሳይድ የሚባል ጨው። እኔን የሳበኝ ከጨዉ ጀርባ ያለው ሰው ነው።

ሊዮን ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1818 ህንድ ውስጥ ቹናር በምትባል ከተማ ከሐኪም አባት ተወለደ። ጀርመን ሄዶ ከታወቀው ኬሚስት ከሊቢግ ዘንድ ተማረ። በ1845 የአየርላንድ ድንች በበሽታ ሲበላሽ መንግሥት ለጥናት ከላካቸው ሰዎች አንዱ ነበር። በ1849 ደግሞ ስለ ናይትሮፕሩሳይድ ጨዎች ያጠናውን አሳተመ።

በ1854፣ በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ ሲያናይድ ያለበት መርዝ በመድፍ ጥይት ተሞልቶ ይተኮስ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። የጦር ሹማምንቱ የጠላትን የውኃ ጉድጓድ ከመመረዝ አይለይም ብለው ጣሉት። እሱ ግን የቀለጠ ብረት ሰው ላይ መርጨት ተፈቅዶ ቶሎ የሚገድል መርዝ ለምን ይነወራል ባይ ነበር። ክርክሩ አልዋጥልህ ቢለኝም መልስ መስጠቱ እንዲህ ቀላል አይደለም።

የሚገርመው፣ የራሱ ጨውም ሲያናይድ ተሸካሚ ነው፤ በአንድ ሞለኪዩል አምስት። ደም ውስጥ ከሄሞግሎቢን ጋር ሲገናኝ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቅና የደም ሥሮችን ያላላል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ሲያናይዱም አብሮ ይፈታል። ከዚያ ወዲያ ወሳኙ የደሙ ሁኔታ ነው። ሜትሄሞግሎቢን ወደሚባለው የተለወጠው ሄሞግሎቢን ከሲያናይዱ ጥቂቱን ይዞ ያስቀራል። አብዛኛውን ጉበት ድኝ ካለው ንጥረ ነገር ጋር አያይዞ መርዛማነቱ ወደቀነሰው ቲዮሲያኔት ይቀይረዋል፤ ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። ድኝ ሰጪው ካለቀ ሲያናይዱ ይከማቻል፤ ሴሎች ኦክስጅን እያለላቸው መጠቀም ያቅታቸዋል፣ ደሙም አሲድ ይበዛበታል። ኩላሊት የደከመበት ሰው ላይ ደግሞ ቲዮሲያኔቱ ራሱ ይጠራቀማል። ለዚህ ነው ልኩ በማይክሮግራም የሚቆጠረው፦ ለአንድ ኪሎ ክብደት በደቂቃ ከ2 ካለፈ ሰውነት ማስወገድ ከሚችለው በላይ ሲያናይድ ይፈጠራል። እስከ 10 ቢደርስ እንኳ ከ10 ደቂቃ በላይ አይፈቀድም።

ፕሌይፌር ይህን ሁሉ አላየም። የፓርላማ አባል፣ የፖስታ ሚኒስትር፣ በኋላም ሎርድ ሆኖ በ1898 ሎንዶን ሞተ። ጨዉ አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒትነት የተፈቀደው በ1974 ነው። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ግን ጨዉ አይደለም፣ የፕሌይፌር ሚስጥራዊ ጽሕፈት የሚባለው ዘዴ ነው። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር፦ ያንን የፈለሰፈው ወዳጁ ዊትስቶን ነው፤ ፕሌይፌር ያስተዋወቀው ብቻ ነው።