የቡና ቅጠል ዋግና ሃሪ ማርሻል ዋርድ፦ ከሲሎን እርሻ እስከ ቦንጋ ደን

ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ በተፈጥሮ ደን ውስጥ ከበቀለ የቡና ዛፍ ሥር ቆሞ ቅጠሉን ገልብጦ የሚመለከት ሰው፣ አልፎ አልፎ ብርቱካንማ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ክብ ነጥብ ያጋጥመዋል። ይህ የቡና ቅጠል ዋግ ነው። ጠጋ ብሎ ካስተዋለ ደግሞ በአንዳንዱ ነጥብ ላይ እንደ ጥጥ የነጣ ሌላ ፈንገስ ሠፍሮ ያያል፤ እርሱ የዋጉ ተመጋቢ ነው። ዛፉ ግን ቆሟል፤ ያፈራልም። ይኸው ዋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሲሎን፣ ማለትም በዛሬዋ ስሪላንካ፣ የአንድን አገር የቡና ምርት ከሥሩ ነቅሎ ጥሏል። በሁለቱ ሥፍራዎች መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት የሃሪ ማርሻል ዋርድን ሕይወት መከተል ይጠቅማል። ዋርድ ካፋን አላያትም፤ ሊያያትም አይችልም ነበር። በሲሎን ያነሣቸው ጥያቄዎች ግን ዛሬ በካፋ ደን ለሚሠራ ተመራማሪ እንግዳ አይደሉም።

ፈንገስ ሲባል ብዙዎቻችን ዝናብ ካባራ በኋላ ከመሬት ብቅ የሚለውን እንጉዳይ ወይም ማንም የማይነካውን የጅብ ጥላ እናስባለን። ዋግ ለዐይን እነዚህን አይመስልም፤ ሆኖም በሥነ ሕይወት ምደባ ባሲዲዮማይኮታ ከሚባለው ከዚያው ከእንጉዳዮች ክፍል የሚመደብ የሩቅ ዘመዳቸው ነው። ልዩነቱ እንጉዳይ በአብዛኛው ከሞተ ቁስ ወይም ከሥር ጋር በሚደረግ ሽርክና ሲኖር፣ ዋግ ግን ሕይወት ካለው ቅጠል ውጭ መኖር አለመቻሉ ነው። አስተናጋጁ ከሞተ እርሱም ይሞታል።

ዋርድ እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 1854 በእንግሊዝ አገር በሄርፎርድ ተወለደ። አባቱ የሙዚቃ ሰው ነበር። ወጣቱ ዋርድ በለንደን ሳውዝ ኬንሲንግተን የቶማስ ሃክስሊን ትምህርት ተከታተለ፤ ቀጥሎ በማንቸስተር ኦወንስ ኮሌጅ፣ ከዚያም በካምብሪጅ ክራይስትስ ኮሌጅ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1879 በተፈጥሮ ሳይንስ በአንደኛ ማዕረግ ተመረቀ። በዚያን ዘመን የዕፅዋት ጥናት በጀርመን ቤተ ሙከራዎች እየታደሰ ስለነበር፣ ወደዚያ ሄዶ ዩሊየስ ሳክስ ዘንድ ለአጭር ጊዜ ሠርቷል። የሲሎን ሥራ የመጣለት ገና ከትምህርት ገበታ እንደተነሣ ነበር።

ሲሎን ያኔ ከዓለም ዋና ዋና ቡና አምራቾች አንዷ ነበረች። ተራሮቿ ተመንጥረው ከአንዱ ሸንተረር እስከ ሌላው ያልተቋረጠ የቡና ማሳ ሆነዋል፤ በ1870ዎቹ በቡና የተሸፈነው መሬት ከ100,000 ሄክታር በላይ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1869 በፔራዴንያ የዕፅዋት መካነ ጥናት ኃላፊ የነበሩት ጆርጅ ትዌይትስ የታመሙ ቅጠሎችን ወደ እንግሊዝ ላኩ። ቅጠሎቹን የመረመሩት ቄስና የፈንገስ ሊቅ ማይልስ ጆሴፍ በርክሊ ፈንገሱን ሄሚሊያ ቫስታትሪክስ ብለው ሰየሙት። የመጀመሪያው ቃል ስፖሩ ግማሹ ለስላሳ ግማሹ ሻካራ መሆኑን ሲያመለክት፣ ሁለተኛው አጥፊ ማለት ነው። ስሙ ሲወጣ ይህን ያህል ጥፋት ገና አልደረሰም ነበር፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን ፈንገሱ ለስሙ በቃ። መንግሥት ዋርድን አበባ የሌላቸውን ዕፅዋት እንዲያጠና በተሰየመ የሹመት ስም ወደ ደሴቲቱ የላከው እ.ኤ.አ. በ1880 መጀመሪያ ላይ ነው። ዕድሜው ገና 26 አልሞላም።

የቡና ባለሀብቶቹ ከእርሱ የሚጠብቁት መድኃኒት ነበር። ብዙዎቹ በሽታው ከመሬቱ መድከም፣ ከአየሩ ጠባይ ወይም ከዛፉ ውስጣዊ መበላሸት የመጣ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ፈንገሱ ለእነርሱ የበሽታው ምልክት እንጂ ምክንያቱ አልነበረም። ዋርድ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ስፖሮችን በጤናማ ቅጠል ላይ በውኃ ጠብታ ውስጥ አኑሮ ቀን በቀን ተከታተላቸው። ስፖሩ ውኃ ካላገኘ አይበቅልም፤ ካገኘ ግን በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ ቀጭን ክር ያወጣል። ክሩ በቅጠሉ የታችኛው ገጽ እየተሳበ የመተንፈሻ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ባገኘው ቀዳዳ ገብቶ በሕዋሳቱ መካከል ይሰራጫል፤ ወደ ሕዋሳቱ ውስጥም መምጠጫዎቹን ይሰዳል። ከሳምንታት በኋላ በነዚያው ቀዳዳዎች አዲስ የስፖር ዘለላ ወደ ውጭ ይወጣል። ዋርድ በማሳዎቹ መካከል ግሊሰሪን የተቀባ መስታወት ሰቅሎ በነፋስ የሚጓዙትን ስፖሮች በወጥመድ ያዘ። በዚህም ምክንያቱ ፈንገሱ ራሱ መሆኑ፣ የሚጓዘውም በአየር መሆኑ ለጥርጣሬ ቦታ በማይሰጥ ሁኔታ ታወቀ።

ከዚህ ግኝት የተከተለው መደምደሚያ ግን ለሰሚው መራራ ነበር። ፈንገሱ አንዴ ቅጠሉ ውስጥ ከገባ በላዩ የሚረጭ ድኝም ሆነ ኖራ አይደርስበትም። የሚጎዳው ስፖሩ በቅጠሉ ገጽ ላይ ባለበት በዚያች አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ዋርድ እንዲህ ሲል በእጁ ፍቱን የሆነ ርጭት አልነበረውም፤ የመዳብና የኖራ ድብልቅ በፈረንሳይ ለወይን በሽታ መዋል የጀመረው እርሱ ከሲሎን ከተመለሰ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ያ ድብልቅና ዘመዶቹ ዛሬም ለቡና ዋግ የሚረጩት ዋርድ ባመለከተው መርሕ ነው፦ ቀድሞ መከላከል። ይሁን እንጂ በ1882 ወደ አገሩ ሲመለስ ያስረከበው የምርመራ ሪፖርት እንጂ የዳነ ማሳ አልነበረም። ገበሬው ዛፉን ነቅሎ ወደ ሻይ ዞረ። በእኔ አስተያየት ይህን ተልእኮ እንደ ክሽፈት መቁጠር ስሕተት ነው፤ ክሽፈት አልነበረም ብሎ ማለፍም ቤቱን ላጣ ሰው አይመጥንም።

ከሁሉ ይልቅ ለካፋ የሚቀርበው የዋርድ ሌላኛው ምልከታ ነው። ይህን ያህል ስፋት ያለው አንድ ዓይነት ተክል ያለማቋረጥ ተያይዞ መቆሙ ለፈንገሱ ማለቂያ የሌለው ምግብ እንደሆነለት ተገንዝቦ ነበር። በኋላ ዘመን የጻፉ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው የአንድ ዓይነት ሰብል እርሻን አደጋ ቀድሞ ያየ ነቢይ አድርገው ሥለውታል። ነገሩ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። ዋርድ የሚያነጻጽርበት ነገር አልነበረውም፤ ያየው የታመመውን ማሳ ብቻ ነው። ማነጻጸሪያው ሊሆን የሚችለው ሥፍራ፣ አረቢካ ቡና ከዋጉ ጋር አብሮ የሚኖርበት ደን፣ በካፋ ነበር። በ1880 ካፋ ነጻ መንግሥት ስትሆን ድንበሯ በቦይና በኬላ የታጠረ፣ የውጭ ሰው መግቢያዋም እጅግ የተወሰነ ነበር። በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው።

በዚያ ደን ውስጥ ያለው ሁኔታ ምን ይመስላል? አረቢካ ከኢትዮጵያ ወጥቶ በየመን በኩል ዓለምን ሲያዳርስ የተጓዘው በጥቂት ፍሬዎች ነው፤ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል በመሆኑም በእስያና በአሜሪካ የተስፋፋው ቡና እርስ በርሱ ተመሳሳይ ሆኗል። ተክሉ ሲሄድ ዋጉ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ ዋጉ በኋላ ሲደርስበት ግን ያ ሁሉ ዛፍ አንድ ዓይነት ሆኖ ጠበቀው። በካፋ ግን አጠገብ ለአጠገብ የቆሙ ሁለት የቡና ዛፎች ለዋጉ ያላቸው ምላሽ ሊለያይ ይችላል። በዓለም የታወቁት ዋግን የመቋቋም ዘረ መሎች ከፊሎቹ ከዚሁ ከአረቢካ የተገኙ ናቸው። በዚህ ላይ የጥላ ዛፎች አሉ፤ ነፋሱን ያቀዘቅዛሉ፣ ስፖሩንም ያግዳሉ። በተቃራኒው እርጥበቱን ስለሚያቆዩ ለፈንገሱ የሚጠቅሙበት ጊዜም አለና ጥላን እንደ መድኃኒት ብቻ መቁጠር አይገባም።

ሌካኒሲሊየም ሌካኒ ተብሎ የሚታወቀው ነጩ ፈንገስ ደግሞ ዋጉን ብቻ አይበላም፤ በቡና ላይ የሚኖሩ ቅርፊታም ነፍሳትንም ያጠቃል። በሜክሲኮ በተደረጉ ጥናቶች ጉንዳኖች እነዚህን ነፍሳት ሲጠብቁ ሳያውቁት የነጩን ፈንገስ መኖሪያ እንደሚያለሙ ታይቷል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በተደረጉ ጥናቶችም ደኑ እየተመነጠረ፣ ሥረ ደኑ እየተጨፈጨፈ ቡናው በብዛት ሲተከል የቅጠል ዋግ እየጨመረ መሄዱ ተመዝግቧል። በቦንጋ አካባቢ አፈር ውስጥ ከቡና ሥር ጋር ተሻርከው ፎስፈረስ የሚያቀብሉ የማይኮራይዛ ፈንገሶችም ከጥላ ዛፍ ጋር በተቀላቀለ ቡና ሥር ለብቻው ከተተከለው ቡና ይልቅ በርክተው ተገኝተዋል።

ዋርድ ከሲሎን እንደተመለሰ ውጤቱን ይዞ በስትራስቡርግ አንቶን ደ ባሪ ዘንድ ሠራ። በ1883 ሴሊና ኪንግደንን አገባ፤ በ1885 በኩፐርስ ሂል የደን ትምህርት ክፍል ፕሮፌሰር ሆነ። በ1888 የሮያል ሶሳይቲ አባል፣ በ1893 የንጉሣዊው ሜዳልያ ተሸላሚ፣ በ1895 ደግሞ በካምብሪጅ የዕፅዋት ጥናት ፕሮፌሰር ሆነ። ከነዚህ ዓመታት ሥራዎቹ ለእኛ አገር አንባቢ የሚቀርበው በ1892 ያሳተመው ነው። የእንግሊዝ ቤተሰቦች ዝንጅብል ጠላ የሚጠምቁበትን እርሾ መርምሮ፣ አንድ የእርሾ ፈንገስና አንድ ባክቴሪያ ተጣብቀው አንድ አካል መስለው የሚኖሩበት መሆኑን አሳየ። እንጀራ የሚጋገርበትን እርሾ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አያስገርምም ይሆናል፤ ሁለቱን ነጣጥሎ ለየብቻ አሳድጎ መልሶ ማዋሐድ ግን በዚያን ዘመን ትልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ወደ ዋግ ተመለሰ። ብሮመስ በሚባሉ ሣሮች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ዋግ የማያጠቃውን ተክል በቀጥታ ማጥቃት ባይችልም በመካከለኛ ዝርያ ላይ ጥቂት ከኖረ በኋላ ወደዚያ ሊሻገር ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ብዙ ተከታይ አግኝቶ ነበር፤ እርሱ ከሞተ በኋላ ግን በስንዴ ዋግ ላይ የተደረጉ ጠንካራ ሙከራዎች አልደገፉትም። ፈንገሱ የሚያሸንፈው ቀስ በቀስ በመልመድ ሳይሆን ዝርያዎቹ ቀድሞውኑ የተለያዩ በመሆናቸው ነው። ለቡና ዋግ ብቻ ዛሬ ከ50 በላይ ዝርያዎች ተለይተዋል፤ አንድን የተመረጠ የቡና ዓይነት ለዓመታት ያልነካው ዋግ በድንገት የሚያጠቃውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ዋርድ እ.ኤ.አ. ኦገስት 26 ቀን 1906 በቶርኪ ሲያርፍ 52 ዓመቱ ነበር፤ የተቀበረው በካምብሪጅ ነው። እርሱ የደከመለት አዲሱ የዕፅዋት ጥናት ሕንፃ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር። ልጁ ፍራንክ ኪንግደን ዋርድ በሂማላያና በቻይና ተራሮች ዕፅዋት በመሰብሰብ ከአባቱ በላይ ስሙ ታወቀ።

ከሲሎን ሪፖርቶቹ አንድ ነገር ሳይፈታ ቀርቷል። ዋርድ ከብርቱካንማዎቹ ስፖሮች ሌላ፣ የዋጉን ሁለተኛ ዓይነት ስፖሮች አግኝቶ ነበር። እነርሱም በቅለው ትናንሽ ስፖሮችን ይሰጣሉ። እነዚህን በቡና ቅጠል ላይ ቢዘራቸው አንዳች አላጠቁም። በብዙ የዋግ ዓይነቶች ዘንድ እንዲህ ያሉት ስፖሮች የሚያርፉት ፍጹም በሌላ ዘር ተክል ላይ ነው፤ የስንዴ ግንድ ዋግ እንደዚያ ያለ ሁለተኛ አስተናጋጅ አለው። የቡና ዋግ ሁለተኛ አስተናጋጅ፣ ካለ፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በእስያም ሆነ በአሜሪካ ማሳዎች መፈለጉ ብዙ ተስፋ አይሰጥም፤ ቡናው እዚያ የደረሰው የተወለደበትን ደን ትቶ ነውና። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገበው የካፋ የባዮስፌር ክልል ግን ከ700,000 ሄክታር በላይ ስፋት አለው፤ በውስጡም የዱር ቡናው ከብዙ የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች ጋር እየተነካካ ይበቅላል።