የጃፓን የሻይ ብፌና የሴን ኖ ሪክዩ ሕይወት

የጃፓን አሮጌ የሻይ ብፌ ዛሬ ከአገሩ ውጭ ባሉ ዘመናዊ ቤቶችም ተፈላጊ የቤት ዕቃ ሆኗል። በአገሩ ቋንቋ ቻዳንሱ የሚባለው ይህ ብፌ ዝቅ ያለ ቁመት፣ ተንሸራታች መዝጊያዎች፣ ትንንሽ መሳቢያዎችና ግራና ቀኛቸው የተበላለጠ መደርደሪያዎች አሉት። ጥሩ ሆኖ የተሠራው እንደ ሆነ ሳንቃዎቹ በምስማር ብዛት ሳይሆን አንዱ በሌላው ውስጥ እየተሰካ በመገጣጠም ይያያዛሉ። ዕቃው በብዙ ቤቶች የገባው በቅርብ ዘመን ነው፤ የተወደደለት ቁጥብነት ግን ከ400 ዓመታት በፊት በኖረ አንድ ሰው እጅ ከፍጻሜ የደረሰ ነው። እርሱም ሴን ኖ ሪክዩ ነው።

ሪክዩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1522 በሳካይ የወደብ ከተማ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ የሻይን ሥርዓት ከታኬኖ ጆኦ ተማረ። በዚያን ዘመን በመኳንንት ቤት ሻይ የሚቀርበው ከቻይና በመጡ ውድ ዕቃዎች ነበር፤ ዕቃዎቹም ዳይሱ በሚባል፣ በምሰሶዎች ላይ በቆመና ጥቁር ላክ በተቀባ መደርደሪያ ላይ ይደረደሩ ነበር። አንድ ታዋቂ የሻይ ማስቀመጫ ለጦር አለቃ ከርስት ያላነሰ ክብር ነበረው። ከሪክዩ በፊት የነበሩ መምህራን ይህን ማቅለል ጀምረው ነበር፤ እርሱ ደግሞ ትልቁን መደርደሪያ አስቀርቶ ማሰሮውን በወለሉ ላይ በተቆረጠ ምድጃ፣ የውሃውን ገንቦ በሰሌኑ ላይ ማኖርን አጸና።

ችሎታው በታወቀ ጊዜ ኦዳ ኖቡናጋ በሻይ መምህርነት ሾመው። ኖቡናጋ በ1582 ሲሞት ሥልጣኑን የያዘው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺም በቦታው አቆየው። በ1585 በቤተ መንግሥት ለንጉሠ ነገሥቱ ሻይ በቀረበ ጊዜ ሪክዩ የተባለው ስም ተሰጠው። የእርሱ ሥራ ነው የሚባለውና በኪዮቶ አቅራቢያ በያማዛኪ እስከ ዛሬ የቆመው ታይአን የተሰኘ የሻይ ክፍል ስፋቱ ሁለት ሰሌን ብቻ ሲሆን፣ ይህም ሦስት ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ግድግዳው ጭድ የገባበት ጭቃ ነው፤ መግቢያውም ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያነሰ ስለ ሆነ ማንም ሰው ጎንበስ ሳይል አይገባም። ሰይፍም ከውጭ ይቀራል። በዚህ ጠባብ በር መስፍንና ነጋዴ እኩል ይሆኑ ነበር።

ሂዴዮሺ ግን ሌላም ፍላጎት ነበረው። ግድግዳው በወርቅ የተለበጠ፣ ተፈታትቶ ከቦታ ወደ ቦታ የሚጓጓዝ የሻይ ክፍል አሠራ። በ1587 በኪታኖ ባደረገው ታላቅ የሻይ ጉባኤ ገበሬ ሳይቀር የራሱን ዕቃ ይዞ እንዲመጣ አወጀ፤ አሥር ቀን ይቆያል የተባለው ጉባኤም በአንድ ቀን አበቃ። ሪክዩ የጭቃውን ክፍልና የወርቁን ክፍል ጌታ በአንድነት ማገልገል ነበረበት። በዚሁ ዘመን ሸክላ ሠሪው ቾጂሮ በእርሱ ፍላጎት መሠረት ያለ ሸክላ መንኮራኩር፣ በእጅ ብቻ የተበጁ ጥቁርና ቀይ ጽዋዎችን ሠራ።

በ1590 በኦዳዋራ ዘመቻ ሳለ ሪክዩ በስፍራው የበቀለ ቀርከሃ ቆርጦ የአበባ ማስቀመጫ አበጀ። ቀርከሃ ሲደርቅ ስለሚኮማተር በቁመቱ መሰንጠቅ ባሕርዩ ነው፤ ያም ማስቀመጫ ተሰንጥቆ ሳለ አልተጣለም። ዛሬ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል።

በተከታዩ ዓመት ሂዴዮሺ ሪክዩን ራሱን እንዲገድል አዘዘው። በግልጽ ከተነሡት ክሶች አንዱ፣ በዳይቶኩጂ ገዳም በር ፎቅ ላይ የሪክዩ የእንጨት ምስል መቆሙና ከበሩ ሥር የሚያልፈው ሁሉ፣ ገዢው ሳይቀር፣ ከእግሩ በታች መሆኑ ነበር። ሌላው በሻይ ዕቃዎች ዋጋ ያለአግባብ ተጠቅሟል የሚል ነው። እውነተኛው ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሪክዩ በ1591 በሰባ ዓመቱ ገደማ ትእዛዙን ፈጸመ። ትምህርቱ ግን አልጠፋም፤ ከልጅ ልጁ ከሶታን ልጆች ሦስት የሻይ ቤቶች ተመሥርተው እስከ አሁን ያስተምራሉ።

የዚህ ሰው ሕይወት ለእኛ አገር ባለሙያም የሚነግረው አለው። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ ሪራ ሲደርስ፣ የውርጩ አገር አብቅቶ ቀርከሃ ይጀምራል። የሪራ ሰው በቀርከሃ ቤት ይሠራል፤ ዝቅ ብሎም በሐረና ደን ቡና በዱር ይበቅላል። በሮቤ ወይም በጎባ ለሚሠራ ዘመናዊ ቤት፣ ረከቦቱን፣ ጀበናውንና ሲኒውን የሚይዝ ብፌ ከዚህ ቀርከሃ ቢታሰብ የሪክዩን ዕቃ መቅዳት አይሆንም፤ መርሁን መከተል ይሆናል። ይህም የራሱ ድካም አለው። ቀርከሃው ሦስት ዓመት ሳይሞላው መቆረጥ የለበትም፤ በውስጡ ያለው ስታርች ነቀዝ ስለሚጠራ ሊታከም ይገባዋል፤ በጥላም ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ሪክዩ የተራውን ቁስ ክብር ያሳየው ባሕርዩን አውቆ በመሥራት ነው። ዕውቀቱ ከጎደለ ግን ርካሽ ቁስ ርካሽ ሆኖ ይቀራል፤ ባለቤቱም ወደ ወርቁ ክፍል ይመለሳል።