ዶክተር ዶናልድሰን ስሚዝና የጋሞ የጓሮ ቅጠል

የጫሞን ሐይቅ ቁልቁል ከምታየው ከአርባ ምንጭ ከተማ ወደ አንዱ ጓሮ የዘለቀ ሰው፣ ግንዱ ወፈር ያለ፣ ቅጠሉ ድቃቅ የሆነ አንድ ዛፍ ሳያይ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጋሞዎች ሀለኮ ይሉታል፤ በአማርኛ ሽፈራው ይባላል። ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ከኩርኩፋ ጋር ለምሳ ይቀርባል፤ ያው ቅጠል ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ሲመጣ ተፈልቶ በመድኃኒትነት ይሰጠዋል። በዕፀዋት ሳይንስ መዝገብ ግን ይህ ዛፍ መጀመሪያ የገባው በአንድ አሜሪካዊ ሐኪም ስም ነበር። ሐኪሙን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ከአገር አሳሾች ታሪክ እንጂ ከጓሮ ቅጠል ጋር አይደለምና፣ ሕይወታቸውን ለሙያ ባልደረቦቼ በዚህ በኩል ላቅርበው ብያለሁ።

አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ በ1866 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ በፔንስልቬኒያ ግዛት ተወለዱ። የሕክምናን ትምህርት ፈጽመው ሐኪም ለመባል ቢበቁም፣ ሙያው በአንድ ስፍራ ሊያረጋቸው አልቻለም፤ አደንና ጉዞ ይበልጥ ይስቧቸው ነበር። በሐምሌ 1886 ዓ.ም. (1894 እ.ኤ.አ.) ገና ሃያ ስምንት ዓመት ሳሉ፣ ኤድዋርድ ዶድሰን የሚባለውን እንስሳትና አዕዋፍ አድርቆ የሚያዘጋጅ ወጣት እንግሊዛዊ አስከትለው፣ ግመሎቻቸውን ጭነው ከበርበራ ተነሡ። ያሰቡት ሩዶልፍ ይባል ከነበረው፣ ዛሬ ቱርካና ከምንለው ሐይቅ ለመድረስ ነበር።

መንገዱ እንዳሰቡት ቀና አልሆነላቸውም። ባሌ ውስጥ ሼህ ሁሴን ሲደርሱ ከደጃዝማች ወልደ ገብርኤል ሠራዊት ጋር ተገናኙ፤ ዐፄ ምኒልክም በዚያ በኩል እንዲያልፉ አልፈቀዱላቸውም። ከኢጣልያ ጋር የነበረው ነገር እየከረረ በሄደበት ዘመን፣ የታጠቁ ሰዎችን አስከትሎ የመጣን የውጭ አገር ሰው ንጉሠ ነገሥቱ በጥርጣሬ ቢያዩት የሚያስወቅሳቸው አይመስለኝም። ስሚዝ ወደ ኋላ ተመልሰው በደቡብ በኩል ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ግድ ሆነባቸው፤ ብዙ ወራትም ፈጀባቸው። በመጨረሻ በጨው ባሕር በኩል አድርገው በሐምሌ 1887 ዓ.ም. ካሰቡት ሐይቅ ደረሱ። በጥቅምት 1888 ዓ.ም.፣ ዐፄ ምኒልክ ወደ ዓድዋ ለመዝመት ከአዲስ አበባ በተነሡበት ወር፣ እሳቸው በላሙ ወደብ ከሕንድ ውቅያኖስ ብቅ አሉ።

ይዘውት የወጡት የወፍ፣ የዓሣ፣ የነፍሳት፣ የድንጋይና የዕፀዋት ናሙና ብዛቱ የሚያስደንቅ ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የጉዞ መጽሐፍ መጨረሻው ላይ ሊቃውንት ያዘጋጁአቸው የናሙና ዝርዝሮች ተያይዘውበታል። ከናሙናዎቹ መካከል ከሩዶልፍ ሐይቅ አካባቢ የተለቀመ አንድ የዛፍ ቅርንጫፍ ነበረ። ኤድመንድ ቤከር የተባለው በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም የዕፀዋት ሊቅ መርምሮ አዲስ ወገን ነው ሲል ወሰነ፤ በ1896 እ.ኤ.አ. ለአምጪው መታሰቢያ እንዲሆን ዶናልድሶኒያ ስቴኖፔታላ ብሎ ሰየመው። ሁለተኛው ቃል የአበባውን ቅጠሎች ጠባብነት የሚያመለክት ነው።

እኔን ዘወትር የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ቅርንጫፉን ያመጡት ሰው ሐኪም ናቸው። ዛፉ ግን ከሙዚየም የገባው በአበባው መልክ እንጂ በመብልነቱ ወይም በፈዋሽነቱ አይደለም። በኮንሶ እርከን፣ በጋሞ ቆላ፣ በየቤቱ ደጃፍ ተተክሎ ዝናብ በጠፋ ጊዜ እንኳ ድስት እንዳያድር የሚያደርገውን ዛፍ የሚያውቁት ሴቶቹ ነበሩ። ስሚዝን በዚህ መክሰስ አይገባም፤ የዘመኑ የዕፀዋት ሳይንስ የሚፈልገው መልክንና ወገንን ነበርና። ቢሆንም የጉዞው ሐኪም ከአገሬው ባለ ወጥ ቤት ጋር ቁጭ ብሎ ቢጨዋወት ኖሮ፣ ለሙያችን የሚተርፈው ነገር ከአበባው ስፋትና ጥበት የበለጠ በሆነ ነበር።

ሀለኮ በጋሞ ቤት ብቻውን የቆመ መድኃኒት አይደለም። ጉንፋን ለያዘው ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም፣ ለምግብ ማጣፈጫም ለሆድ ማስማሚያም ኮረሪማ አለ። ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር የሚፈጭበትን ዳጣ ቀምሶ አፍንጫው ያልተከፈተ ሰው ካለ ይንገረኝ። በእነዚህ ቤቶች በመሶብና በመድኃኒት ሣጥን መካከል የተሰመረ ወሰን የለም።

ሳይንሱ ወደ ሀለኮ ቅጠል የተመለሰው ከስሚዝ ጉዞ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የአገራችን ተመራማሪዎች ጥናት፣ በውኃ የተዘጋጀው የቅጠሉ ጭማቂ በጥንቸሎች ላይ የደም ስኳርን እንደሚቀንስ፣ ኃይሉ ግን ግሊቤንክላማይድ ከሚባለው ክኒን ያነሰ መሆኑን አሳየ። ኋላም የደም ግፊትን ዝቅ ማድረጉ በጊኒ ፒግ ላይ ታይቷል። ጥንቸልና ጊኒ ፒግ ግን ሰው አይደሉም። ቅጠሉ ዱቄት ሆኖ፣ በሻይ ከረጢት ታሽጎ በየከተማው በሚሸጥበት በአሁኑ ጊዜ፣ ይህን ልዩነት ለደንበኛው ማስረዳት በእኛ ላይ የወደቀ ሥራ ነው። የግፊት ክኒናቸውን ካቆሙ ወራት ያለፋቸው አንዲት እናት አንድ ቀን ከመስኮቴ ፊት ቆመው፣ ሀለኮ እየጠጡ መሆናቸውን የነገሩኝ ልቆጣቸው ነው ብለው እየፈሩ ነበር። ግፊታቸው ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ። ቅጠሉን ተዉ አላልኳቸውም፤ ምግባቸው ነው። ክኒኑንም እንዳይተዉ፣ ሁለቱን አብረው ሲወስዱ ግፊታቸውን ቶሎ ቶሎ እንዲያስለኩ ተስማማን። ተቆጥቻቸው ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው ጊዜ ደብቀውኝ ይጠጡ ነበር።

ወደ ዶክተር ስሚዝ እንመለስ። በ1899 እ.ኤ.አ. ዳግመኛ ከበርበራ ተነሥተው በሩዶልፍ ሐይቅ በኩል አልፈው በ1900 ከዓባይ ወንዝ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ በአገራቸው ቆንሲልነት በውጭ አገር አገልግለዋል። በዚያው የአሳሾች ዘመን ኢጣልያውያን ተጓዦች አባያን ማርጌሪታ፣ ጫሞን ሩስፖሊ ብለው በካርታ ላይ ጽፈው ነበር፤ ስሞቹ አልዘለቁም። የስሚዝም ስም በአንዳንድ አዕዋፍ ላይ ቢቀር እንጂ ከዛፉ ላይ ወርዷል፤ ዛፉ በሕንድ አገር ከሚበቅለው ሞሪንጋ ጋር የአንድ ወገን መሆኑ ታውቆ፣ በኢትዮጵያ ዕፀዋት ዝርዝር የሚታወቁት ኦስትሪያዊው ጌኦርግ ኩፎዶንቲስ በ1957 እ.ኤ.አ. ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ አሉት። ስሚዝ ይህን አላዩም፤ ከዚያ አሥራ ስምንት ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1939 እ.ኤ.አ. ዐርፈዋል።